ሁለት ሜትር ከአሥራ ሁለት

ልብስ ሰፊው ሉልሰገድ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሲለካ፣ ወገቡ ሲለካ ሆዱን ወደ ውስጥ የማያስገባ ወንድ ገጥሞት አያውቅም። "ሰማንያ ስምንት ነው አይደል?" ይሉታል፣ ትንፋሻቸውን እንደያዙ። "እሱው ነው" ይላል። ወረቀቱ ላይ ግን ዘጠና ሁለት ብሎ ይጽፋል። ሱሪው ሲደርስ ልክክ ይላል፤ ሰውየውም "አልወፈርኩም ለካ" እያለ ደስ ብሎት ይሄዳል። ማን ተጎዳ? ማንም። ሉልሰገድ በዚህ መንገድ ስንቱን ሰው ደስ አሰኝቷል።

ሱቁ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው ዳገት ላይ ናት። አንድ በር፣ አንድ መስተዋት፣ አንድ መተኮሻ ጠረጴዛ፣ ሁለት የስፌት መኪና። ፒያሳ ሲፈርስ ፊት ለፊቱ የነበሩት ቤቶች በሙሉ ሄዱ፤ የእሱ ረድፍ ከጀርባ ስለነበር ተረፈ። ደንበኞቹ ግን ከቤቶቹ ጋር ሄዱ። ገሚሱ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሶታል፤ ገሚሱም የተሰፋ ልብስ መግዛት ለምዷል። ሉልሰገድ አሁን በብዛት የሚሠራው ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ነው።

ከሚስቱ ከሰርክአዲስ ጋር ከተጋቡ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አልወለዱም። በአሥረኛው ዓመት ሴት ልጅ መጣችላቸውና ምኞት አሏት፤ ከዚያ ወዲያ አልተደገመም። ሰርክአዲስ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ ነገር ቀጥ ብሎ እንዲሄድ የምትፈልግ ሴት ናት። ልጅቷን የምታስጠናትም፣ የምትቆጣትም፣ "አይሆንም" የምትላትም እሷ ነበረች። ሉልሰገድ ይህን ቃል ልጁን አንድም ቀን ብሏት አያውቅም። በሐምሌ ብርድ አይስክሬም ስትለው ይገዛላታል፤ ጉሮሮዋ አብጦ ሐኪም ቤት ስትገባ ደግሞ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ የሚያለቅሰው እሱ ነው።

ምኞት ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ፊቷ ክብ፣ ሳቋ ቅርብ፣ ሰው ቶሎ የምትለምድ። በሆቴል አስተዳደር ዲፕሎማ ከያዘች ሁለት ዓመት አለፋት፤ ሥራ ግን የለም። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ የበረራ አስተናጋጅ መሆን። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፣ ጥርሷ ነጭ ነው፣ ቆዳዋ ጠባሳ የለውም። ቁመቷ ብቻ ከእናቷ ወጣ። ሰርክአዲስ አጭር ናት።

በጥር ወር አንድ የዓረብ አገር አየር መንገድ ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ እንደሚመለምል ምኞት በስልኳ አነበበች። ሩጫ በሩጫ ሱቅ መጣች።

"አባዬ፣ ተነስ፣ ለካኝ!"

"ምን ልሰፋልሽ?"

"ስፌት አይደለም። ጫማ አውልቀሽ፣ በጣትሽ ቆመሽ፣ እጅሽን ስትዘረጊ ሁለት ሜትር ከአሥራ ሁለት መድረስ አለብሽ ይላል። የመንገደኛ ሻንጣ የሚቀመጥበት ላይኛው ሣጥን እንዲደረስበት ነው።"

ሉልሰገድ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና በመስተዋቱና በመተኮሻ ጠረጴዛው መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ከወለሉ ጀምሮ ለካ። ሁለት ሜትር ከአሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ በልብስ ጠመኔ አጭር መስመር አሰመረ። ምኞት ጫማዋን አውልቃ በጣቶቿ ቆመች፤ ተንጠራራች። ከመስመሩ ሦስት ጣት ጎደላት። እንደገና ሞከረች። ሦስት ጣት።

ፊቷ ላይ የሆነውን ሉልሰገድ በመስተዋቱ አየው። ያ ሳቁ ቅርብ የነበረ ፊት ድንገት ጭር አለ። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና የእግሯን ጣቶች እያሸች፣ "በስፖርት ይፈታል ይላሉ፤ ብረት ላይ ሲንጠለጠሉ አከርካሪ ይሳሳባል" አለች። ድምጿ ግን እንደሞተ ሰው ድምፅ ነበር። ከዚያ ሻይ ላምጣልህ ብላ ወጣች።

ሉልሰገድ ብቻውን ቀረ። ግድግዳውን አየ። ሲያስበው የሁለትና የሦስት ወር ልፋት በዚያ መስመር ላይ እንዲያው ቀልጦ ይቀራል። እርጥብ ጨርቅ አነሳና መስመሩን ጠረገው። ከዚያ በሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ፣ ሁለት ሜትር ከዘጠኝ ላይ፣ ሌላ አሰመረ። ክፋት አልነበረበትም። ነገሩን በልቡ እንዲህ አሰላው፦ ለጊዜው ተስፋ እንዳትቆርጥ ነው። አሁን አንድ ጣት ብቻ ትጎድላለች። አንድ ጣት ደግሞ ሰው ይለፋበታል። እሱን ስትደርስ ከፍ አደርገዋለሁ፤ እሱን ስትደርስ ደግሞ ሌላ ከፍ።

ምኞት ሻዩን ይዛ ስትመለስ፣ "ቅድም ጠረጴዛው ላይ ተደግፌ ነው የለካሁት፤ ተሳስቻለሁ" አላት። "እስቲ አሁን ሞክሪ።"

ሞከረች። አንድ ጣት። ሻዩን ልታፈሰው ምንም አልቀራት፣ በደስታ።

ሜትር ይዞ የኖረ አባት ያላት ልጅ ራሷ አትለካም። ምኞትም አልለካችም። በየቀኑ ጠዋት ሰፈር ውስጥ ካለች ጠባብ ጂም እየሄደች ብረት ላይ ተንጠለጠለች፤ መዳፏ እስኪላጥ። ከዚያ ወደ ሱቅ ትመጣና ግድግዳውን ትሞክራለች። በመጋቢት አጋማሽ አንድ ቀን የመሐል ጣቷ ጫፍ መስመሩን ነካ። ጠመኔው ጥፍሯ ላይ ቀረ። ጩኸቷን የሰማው የጎረቤት ክርና ቁልፍ ሻጩ አጽብሐ ከሱቁ ወጥቶ መጣ፤ ሱሪ ልታሳጥር የመጣች ሴት እልል አለች። ምኞት ጠመኔ የነካ ጣቷን ለሁሉም አሳየች።

ሉልሰገድ መቀሱን እንደያዘ ቆሞ ፈገግ አለ። መስመሩን ከፍ የሚያደርግበት ቀን ይህ ነበር። አላደረገውም። እልል በተባለበት ቀን እንዴት ያድርገው? በማግስቱም አላደረገውም። በሳምንቱ ደግሞ ሰርክአዲስ "ልጄ ከበረረች ለጊዮርጊስ ጃንጥላ አገባለሁ" ብላ ተሳለች።

ሉልሰገድ የመስመሩን ነገር ለአጽብሐ ነገረው። አጽብሐ ከአድዋ መጥቶ ሠላሳ ዓመት ፒያሳ የኖረ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። የቁልፍ ካርቶኖቹን እየደረደረ ሰማውና እጁን አቆመ።

"ስንት ነው የጎደላት?"

"ሦስት ሴንቲ።"

"አይ ሉልሰገድ! ዛሬውኑ ንገራት። ዛሬ ብትነግራት ታለቅሳለች። ከፈተናው በኋላ ብታውቀው ግን ሌላ ነገር ነው።"

"እነግራታለሁ።"

"ዛሬ አልኩህ እኮ።"

"ዛሬ" አለ ሉልሰገድ። የዚያን ቀን ምኞት ከጂም ስትመጣ ጠራትና መጣች፤ ቁና ቁና እየተነፈሰች፣ ላብ በግንባሯ፣ ፊቷ ፈክቶ። "አቤት አባዬ?" አለችው። "ውሃ ጠጪ" አላት።

በሚያዝያ መጀመሪያ ነገሩ ባሰ። ቢሾፍቱ ካለ አንድ ሪዞርት ተደውሎ ለእንግዳ መቀበያ ሥራ ነገ ነይ፣ ፈርሚ አሏት። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ግን የአንድ ዓመት ውል ነበር፤ በመካከል መሄድ አይቻልም። ምኞት ሱቅ መጥታ ከመተኮሻ ጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ቢሾፍቱን ልያዝ ወይስ አየር መንገዱን ልጠብቅ? እማዬ የጨበጥሽውን አትልቀቂ ትላለች።"

"አንቺስ?"

"እኔማ... እንግሊዝኛው አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ቁመቱ ነበር፤ እሱን ደርሻለሁ። ደርሻለሁ አይደል?"

ሉልሰገድ ካውያውን አነሳ። ካውያው ሸሚዙ ላይ እየሄደ፣ እየተመለሰ፣ እየሄደ። ያን ጊዜ አንዲት "አይ" ብትወጣው ኖሮ ነገሩ በዚያ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ፊቷን ማየት ፈራ።

"መድረሱንስ ደርሰሻል" አለ፣ ሸሚዙን እያየ።

ምኞት ደውላ ሪዞርቱን "ይቅርታ" አለች።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ለሉልሰገድ የመንፈስ እስራት ሆኑበት። የሚበላው አይጣፍጠውም። ጠዋት ጠዋት ጊዮርጊስን ሲሳለም ሰው ጤና፣ ሰላም፣ ረጅም ዕድሜ ይለምናል፤ እሱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይለምናል። አንዳንዴ ደግሞ ራሱን ያጽናናል፦ እነሱም ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዱ ለኪ እንደኔው ነው፤ ቀና ብላ ስትስቅላቸው ያሳልፏት ይሆናል። ሌላ ማድረግ የሚችለውን ግን አደረገ። ከነበረው ጨርቅ ሁሉ የተሻለውን ጥቁር ሰማያዊ መርጦ ጉርድና ኮት ሰፋላት። ትከሻውን ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ ገጠመው። እንደዚያ ያለ ኮት በሕይወቱ ሰፍቶ አያውቅም። ሰርክአዲስ ስታየው "እጅህ ይባረክ" አለችው፤ እሱ ቀና ብሎ አላያትም።

ምልመላው በግንቦት አንድ ቅዳሜ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለ ሆቴል ነበር። ሰርክአዲስ ጉልበቷን ስላመማት ቀረችና አባትና ልጅ ከፒያሳ በእግራቸው ወረዱ። ምኞት ሸራ ጫማ አድርጋ ባለ ተረከዙን ጫማ በፌስታል ይዛለች። የእርሷ መናገር አያልቅም።

"ምኞት" አለ አንድ ቦታ ላይ፣ ቆም ብሎ።

"አቤት።"

መኪናው፣ ሰዉ፣ የታክሲ ረዳቱ ጩኸት። ጸጉሯ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ፣ ከንፈሯ ቀልቶ፣ የሰፋላት ኮት ትከሻዋ ላይ ተስተካክሎ ቆማ ትጠብቀዋለች።

"ኮሌታሽ" አለና ያልተጣመመውን ኮሌታ አቃናላት።

ገና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር፤ የልጃገረዱ ሰልፍ ግን የሆቴሉን አጥር ዞሯል። ሁሉም ጸጉር ተጠቅልሏል፣ ሁሉም ከንፈር ቀልቷል። ወላጆች ከመንገዱ ማዶ ከግንብ ሥር ቆሙ። አንዲት እናት ዳዊት ትደግማለች፤ አንድ አባት ሲጋራ ይለኩሳል፣ ይጥላል፣ ይለኩሳል። ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተና ሰልፉ ቀስ እያለ ገባ። ሉልሰገድ ከግንቡ ተደግፎ ሲጠብቅ፣ አራት ሰዓት ግድም ስልኩ ጮኸ።

"አባዬ፣ መርፌና ክር ይዘሃል?"

"መቼ አጥቼ አውቃለሁ?"

"አብራኝ የተቀመጠች ልጅ ጉርዷ ተተርትሮባታል። እያለቀሰች ነው። ለጥበቃው ተናግሬያለሁ፣ ና ግባ።"

ጥበቃው ወጣት ነበር። ኪሱን ዳሰሰና፣ "ፋዘር፣ ዛሬ ደግሞ የልብስ ሰፊ አምቡላንስ ሆነዋል" ብሎ ሳቀና አስገባው።

ምንጣፍ የለበሰ ረጅም ኮሪደር ነበር። በአንደኛው ግድግዳ ጥግ ወንበር ተደርድሯል፤ በሌላኛው ጥግ፣ በአዳራሹ በር አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ መለኪያ ተለጥፏል፤ ከላዩ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ደንብ ልብስ የለበሰች፣ መልኳ የፈረንጅ የሆነ ሴት ወረቀት ይዛ ቆማለች፤ ከጎኗ ስም የምትጠራና የምታስተረጉም አበሻ ወጣት አለች። ልጃገረዶቹ እየተጠሩ ጫማ ያወልቃሉ፣ ይንጠራራሉ። ቀዩን መስመር የነካች ወደ አዳራሹ ትገባለች። ያልነካች ጫማዋን አንስታ በዚያው ኮሪደር ትመለሳለች።

ሉልሰገድ መለኪያውን አየ።

"እሷ ናት፣ ፍዮሪ ትባላለች" አለች ምኞት። ፍዮሪ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኗ ያበጠ ልጅ ነበረች። ከታክሲ ስትወርድ የጉርዷ ስንጥቅ ከኋላ እስከ ጭኗ ተተርትሯል። "ይቅርታ አባባ፣ አስቸገርኩዎት" አለችው። ሉልሰገድ ምንም ሳይል በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ክሩ የመርፌውን ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ስቶ በሦስተኛው ገባ። መስፋት ጀመረ።

"ምኞት ሉልሰገድ!" አለች ስም ጠሪዋ።

ምኞት ጫማዋን አውልቃ ሄደች። ከመለኪያው ሥር ስትደርስ ዞር ብላ አባቷን አየችውና ጠቀሰችው፤ ሱቅ ውስጥ ግድግዳውን ልትነካ ስትል እንደምታደርገው። ከዚያ በጣቶቿ ቆመች፣ እጇን ሰደደች።

ጣቷ ባዶ ግድግዳ ነካ።

ቀና ብላ አየች። ቀዩ መስመር ከጣቷ በላይ ነው። ፈገግ አለች፤ ያልተንጠራራች መስሏት ነው። እጇን አወረደች፣ ትከሻዋን ነቀነቀች፣ ትንፋሽ ወሰደች፣ እንደገና ተንጠራራች። ሉልሰገድ ጉርዱን ጨብጦ መርፌው በአየር ላይ ቀርቷል። ጮሆ ሊያስቆማት ይችላል? ቢያስቆማትስ? በእጁ ሊያነሳት ይችላል? የእግሯ ጣቶች ምንጣፉ ላይ ሲነጡ ይታዩታል፤ የአንገቷ ሥር ተገትሯል። ሦስተኛውንም ሞከረች። ያው ነው።

ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ አንድ ነገር አለቻት። ፊቷ ክፉ አልነበረም።

"የኔ ቆንጆ፣ አልደረሰም። ይቅርታ" አለች አስተርጓሚዋ።

"እኔ እኮ እደርሳለሁ" አለች ምኞት። ድምጿ ኮሪደሩን ሞላው። "ሁለት ወር ሙሉ ስደርስ ነበር። የተሳሳተ ነገር አለ። አባቴ ነው የለካኝ፤ ልብስ ሰፊ ነው፣ አይሳሳትም። ይኸው፣ እሱ ነው!" ብላ በእጇ አመለከተችው።

የኮሪደሩ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ የሌላ ሰው ልጅ ጉርድ ይዞ፣ አፉን ከፍቶ።

"አባባ፣ እርስዎ ነዎት የለኳት?" አለች አስተርጓሚዋ፣ በአክብሮት።

"አዎ" አለ። ሴትዮዋ ትጠብቃለች። ምኞት ትጠብቃለች። "ሜትራችን... አርጅቷል መሰለኝ" አለ።

አስተርጓሚዋ ለሴትዮዋ ነገረቻት፤ ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈችና የሚቀጥለው ስም ተጠራ። ምኞት ከመለኪያው ሥር አልተንቀሳቀሰችም፤ አባቷን ታየዋለች። መጀመሪያ ግራ በመጋባት ነበር የምታየው። ቆይቶ ግን ያ ግራ መጋባት ከፊቷ ላይ ሲጠፋ ሉልሰገድ አየው፤ የተተካውን ለማየት አልደፈረም፤ ዓይኑን ወደ ስፌቱ መለሰ።

ጫማዋን አንስታ መጣችና ከጎኑ ቆመች።

"ጨርስላት" አለች። "ተራዋ እየደረሰ ነው።"

ጨረሰላት። ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ፍዮሪ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችና ለምኞት እጇን ዘረጋች። ምኞት ያዘቻትና "በርቺ" አለቻት።

ከሆቴሉ ወጥተው ዳገቱን ጀመሩ። ምኞት ሸራ ጫማዋን አጥልቃ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ሉልሰገድ ከኋላ። ቴዎድሮስ አደባባይ ሲደርሱ ቆመች።

"ያረጀ ሜትር ምን ይሆናል?" አለችው።

የሉልሰገድ እጅ አንገቱ ላይ ወደሌለው ሜትር ሄደ።

"ይለጠጣል። አንተ ነህ ያስተማርከኝ። የተለጠጠ ሜትር ደግሞ መስመሩን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ዝቅ አያደርገውም። ሱቃችን ያለው መስመር ስንት ላይ ነው፣ አባዬ?"

"ሁለት ሜትር ከዘጠኝ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን። ሻይ ልታመጪ የወጣሽ ጊዜ። ፊትሽን ሳየው ጊዜ... ቀስ በቀስ ከፍ አደርገዋለሁ ብዬ ነበር፤ በጊዮርጊስ፣ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ ደስ አለሽ። ደስ ሲልሽ ደግሞ..."

"ቢሾፍቱን የጠየቅኩህ ቀንስ?"

አንድ ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ "ፒያሳ፣ አንድ ሰው!" ብሎ ጠራቸው። ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ሉልሰገድ እንድትሰድበው ጠበቀ። ብትሰድበው፣ ብትጮህ፣ የሰፋላትን ኮት አውልቃ ብትወረውርበት ይሻለው ነበር። አላደረገችም።

"ለእማዬ አንተ አትንገራት" አለች በመጨረሻ። "እኔ እነግራታለሁ።"

ሰርክአዲስ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር የጠበቀቻቸው። ምኞት እናቷን ሳመቻትና፣ "አልሆነም እማዬ። በእንግሊዝኛው ወደቅኩ" አለች።

ሉልሰገድ ቀና አለ። ምኞት አላየችውም።

"በእንግሊዝኛው?" አለች ሰርክአዲስ። ከዚያ ጀመረች። አላነበብሽም። ብረት ላይ ስትንጠለጠይ ከረምሽ እንጂ መጽሐፍ መቼ ከፈትሽ። ቢሾፍቱን ያዥ ብዬሽ አልነበረም? አባትሽ ዓይኑ እስኪጠፋ ኮት ሰፍቶልሽ! ምኞት አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ሰማች። "እውነትሽን ነው" አለች ብቻ። ሉልሰገድ ከበሩ አጠገብ ቆሞ፣ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ፣ አፉን ሁለት ጊዜ ከፈተ። በከፈተ ቁጥር የምኞት ዓይን በአንድ አፍታ ይነሳና ይመልሰዋል። ሰኞ ዕለት ሰርክአዲስ ከሥራ ስትመለስ አንድ ያገለገለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዝታ መጣች። ከዚያ በኋላ ምኞት በየምሽቱ ከእራት በፊት ለእናቷ ድምፅ አውጥታ ሁለት ገጽ ማንበብ ግዴታዋ ሆነ። ሳትሰናከል፣ ጥርት አድርጋ ታነብ ነበር። ሰርክአዲስ እንግሊዝኛውን ብዙም አትሰማውም፤ "አየሽ፣ ሲነበብ እንዴት ይለሰልሳል" ትላለች። ሉልሰገድ ተቀምጦ ያዳምጣል።

ምኞት ቢሾፍቱ ደውላ ነበር፤ ቦታው ተይዟል። ሰኔና ሐምሌን ቤት ተቀምጣ፣ በነሐሴ ቦሌ ካለ አንድ ሱፐርማርኬት የገንዘብ ተቀባይነት ሥራ አገኘች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች። ሱቅ መምጣት ተወች። አጽብሐ አንድ ቀን ስለ ልጅቷ ጠይቆት፣ ፊቱን አይቶ ሁለተኛ አልጠየቀውም።

ሉልሰገድን ከሁሉ ይልቅ የጎዳው ግን ሥራውም፣ ዝምታዋም አልነበረም። ምኞት አፍ ከፈታች ጀምሮ አባቷን "አንተ" ነበር የምትለው፤ "አባዬ፣ ና"፣ "አባዬ፣ ብላ"፣ "አባዬ፣ ዋሽተሃል" እያለች ስትጫወት ነው ያደገችው። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በስንተኛው ቀን እንደሆነ አያስታውስም፣ ከቤት ስትወጣ፣ "አባባ፣ ደህና ይዋሉ" አለችው። የቀለደች መሰለው። አመሻሹ ላይ "አባባ፣ ውሃ ላምጣልዎ?" አለችው። አልቀለደችም። አታኮርፍም፣ አትቆጣም፤ ጎንበስ ብላ ታስታጥበዋለች፣ ወንበር ትለቅለታለች። እንደ ጎረቤት ሽማግሌ ታከብረዋለች። ሰርክአዲስ ነገሩን ስታስተውል ደስ አላት። "ይኸው አደገች፤ ሥራ ሰውን ያሰለጥናል" አለች። ሉልሰገድ ምን ብሎ ይክሰስ? ልጄ አከበረችኝ ብሎ?

በመስከረም አንድ እሑድ፣ ሦስቱም ምሳ ቀርበው ሳለ፣ ሰርክአዲስ ስለ ስለቷ አነሳች። በስልክ ሰምታለች፤ ሌላ አየር መንገድ በጥር ይመጣል አሉ። እንግሊዝኛው አሁን ለስልሷል፤ ጃንጥላውም አይቀርም፤ ቁመቱ እንደሆነ ድሮም ችግር አልነበረም። "አይደል ሉልሰገድ? አንተ ለክተሃት የለ?"

ሉልሰገድ እጁን ከትሪው መለሰ። አራት ወር ሙሉ ያልወጣው ቃል ያን ቀን የሚመለስ አልመሰለውም።

"ሰርኬ" አለ። "የዚያን ቀን፣ እኔ..."

"አባባ" አለች ምኞት።

ዞር ብሎ አያት። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። ለእንግዳ የሚደረገው ዓይነት ፈገግታ ነበር። ከወጡ ጥሩውን ሥጋ በእንጀራ ለይታ ወደ እሱ አስጠጋችለት።

"ይብሉ እንጂ" አለችው። "እየቀዘቀዘ ነው።"

ሰርክአዲስ ሁለቱንም አየት አየት አደረገችና የጀመረችውን ቀጠለች፤ ጥር፣ ጃንጥላ፣ ጊዮርጊስ። ሉልሰገድ ጎረሰ።